ግልጽ ደብዳቤ ለሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር፦ አሠሪዬ ማን ነው?

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ለመሥሪያ ቤትዎ በየጊዜው ያስገባኋቸው አቤቱታዎች መዝገብ ቤት ከገቡ በኋላ የት እንደ ደረሱ የሚነግረኝ ስላጣሁ ነው።

የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። የምሠራበት ድርጅት ጽዳቱን ለኤጀንሲ በውል ስለ ሰጠ ደመወዜን የሚከፍለኝ ኤጀንሲው ነው፤ ስንት ሰዓት እንደምገባ፣ የትኛውን ፎቅ በምን ፈሳሽ እንደማጸዳ የሚያዝዘኝ ግን የድርጅቱ አለቃ ነው። በዚሁ አለቃ ትእዛዝ፣ በረኪና በፈሰሰበት የመጸዳጃ ቤት ወለል ላይ ምንም ባልተጻፈበት ጀሪካን የቀረበልኝን ፈሳሽ ስጨምር የወጣው ጋዝ ትንፋሼን አሳጥቶ ጣለኝ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ እንደሚወጣ ፈሳሹን የሚገዙት ሰዎች አያጡትም። ዛሬም ደረጃ በወጣሁ ቁጥር ሳል ያጣድፈኛል።

የሕክምና ወጪዬን ስጠይቅ ድርጅቱ «የእኛ ሠራተኛ አይደለሽም» አለኝ፤ ኤጀንሲው ደግሞ «አደጋው የደረሰው በእኛ ግቢ አይደለም» ብሎ መለሰኝ። ሁለቱም የሚጠቅሱት ውሉን ነው፤ ውሉን ግን ሊያሳዩኝ ፈቃደኛ አልሆኑም። የመሥሪያ ቤትዎ ተቆጣጣሪ በበኩላቸው «ከአሠሪሽ ጋር ተነጋገሪ» ብለው አሰናበቱኝ። አሠሪዬ ማን እንደ ሆነ እንዲወስኑልኝ ነበር እኮ የሄድኩት!

ሕጉን ለእርስዎ ማስታወስ ድፍረት ይሆንብኛል። ሆኖም ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 155፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ድርጅቶች በአንድ የሥራ ቦታ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ የደኅንነት ግዴታቸውን ተባብረው እንዲወጡ በአንቀጽ 17 ያዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ስምምነት ቁጥር 181 ደግሞ ስምምነቱን የተቀበለ አገር፣ ኤጀንሲውና በሠራተኛው የሚጠቀመው ድርጅት ለሥራ ላይ አደጋ ካሣ ያለባቸውን ኃላፊነት ለይቶ እንዲደለድል ይጠይቃል። አገር ይደልድል ይላል እንጂ ተጎጂዋ በደጅ ጥናት ትፈልገው አይልም።

ድርጅቶች ሥራቸውን ለሌላ በውል መስጠታቸውን አልቃወምም። ጨረታው ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበ ብቻ ሲሰጥ ግን ዋጋው የሚቀነሰው ከጓንቱ፣ ከጭምብሉና ከእኛ ደመወዝ ላይ ነው።

ስለዚህ ሁለቱ ድርጅቶች ውላቸውን ይዘው በአንድ ቀን እንዲቀርቡ በደብዳቤ ይጥሩልኝ፤ ኃላፊው እስኪለይ ድረስም ሕክምናዬን በጋራ እንዲሸፍኑ ይዘዙልኝ። ይህን ለማድረግ ሥልጣን የለኝም የሚሉ ከሆነ፣ ሥልጣኑ ያለውን መሥሪያ ቤት ስም በጽሑፍ ይግለጹልኝ።

አመልካቿ