ሰደርያውን ሳትለብስ አትውጣ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው። እዚህ አራት ኪሎ በየደጁ ቆሻሻ እየተቃጠለ ሰፈሩ ጭስ በጭስ ሆኗል። አባትህ እያሳለ መስኮት ዝጊ ይለኛል።

የአክስትህ ልጅ ደውላ ነበር። አመሻሽ ላይ ብቻውን ለአጋዘን የተዘራውን ጎመን ሊያይ ይወጣል አለችኝ፤ ያውም በዚያ ቡኒ ጃኬት። አንተ ልጅ! እዚያ አሜሪካ ዊስኮንሲን የአጋዘን አደን የሚከፈተው በዚህ ሰሞን አይደል? ዘጠኙን ቀን ጫካው ጠመንጃ በያዘ ሰው ይሞላል። አጋዘኑም ቡኒ፣ አንተም ቡኒ። ብርቱካናማውን ሰደርያ ሳትለብስ አትውጣ።

ለአውሬ ጎመን ይዘራል እንዴ ብዬ ስቄብህ ነበር። ሙቀቱ ሳይለቅ ዞር ብለው አያዩትም፣ ውርጭ ሲነካው ግን ይወሩታል ስትለኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ብርዱ ሲመጣ ጎመኑ ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣል፤ ስኳር ያለበት ውሃ ቶሎ በረዶ አይሠራም። አያትህ ይህንን ሳይማሩ ያውቁት ነበር።

ደብረ ብርሃን በጥቅምትና በኅዳር የጠራ ሰማይ ያስፈራናል። ደመና ከሌለ ውርጭ አለ። አንድ ዓመት ባቄላው አበባ ላይ እያለ ወረደበት። ጠዋት ስንነሳ ማሳው ጠቁሮ ተኮማትሯል። እናቴ አለቀሰች። አባቴ ምንም ሳይሉ ጓሮ ዞሩ። ጎመኑ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል። "እስኪሟሟ እንዳትነኩት" አሉን። ፀሐይ ሲያገኘው ቀና አለ። ማታ እሱን በላን። እንደዚያ የጣፈጠ ጎመን እስከ ዛሬ አልቀመስኩም፤ አትክልት ተራ ከፒያሳ ከተነሳ ወዲህ ከጉሊት የምገዛውማ ምኑም አይጥም። አባቴ ግን ያን ማታ አንድም አልጎረሱ። ሐሳባቸው ባቄላው ላይ ነበር። እኔ ደግሞ ልጅ ነኝ፣ ጨምሩልኝ እላለሁ። ትዝ ሲለኝ አሁንም ያመኛል።

ምን ልልህ ነበር? አዎ፣ ሰደርያው። የአዳኞቹ ሕግ ራሱ ከወገብ በላይ ቢያንስ ግማሹ ልብስ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ይሁን ይላል። አንተ አዳኝ ባትሆንም ጥይት አይጠይቅህም። አጋዘን የሚወጣው ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ነው፤ አዳኙም ሰዓቱን ያውቃል። እኩለ ቀን ላይ ሂድ።

ደግሞ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ እየደጋገመ ሲመታው የጎመኑ ቅጠል ይበሰብሳል። ያኔ ለአጋዘኖቹ የተርኒፑ፣ የዚያ ሥሩ የሚበላ የጎመን ዘመድ፣ ሥር ይቀርላቸዋል፤ በረዶውን ጭረው ያወጡታል። አንተ ሄደህ የምታግዛቸው ነገር የለም! ለባለመሬቱም ንገረው፤ በየዓመቱ ጎመን በጎመን ላይ ከዘራ ሥሩን የሚያሳብጥ በሽታ ይገባበታል። ቦታ ይቀይር።

ለበዓል ብር አትላክ። ጎመን በጤና፣ የኔ ጌታ። ጓንትና ወፍራም ካልሲ ግዛበት። ሰደርያውን ለብሰህ ፎቶ ተነሳና ዛሬውኑ በቴሌግራም ላክልኝ። እቤት ውስጥ ተነሳ፣ ሜዳው ላይ አይደለም።

እናትህ