ልጆቻችን ስምንተኛ ክፍልን ሳይጨርሱ መርካቶ አይሂዱብን

ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ከረማችሁ? እንኳን መስቀልን በሰላም አሳለፋችሁ። እንግዶቻችሁን አብልታችሁ አጠጥታችሁ ሸኝታችኋል፤ ቤቱም ወደ ወትሮው ተመልሷል። ክፍሎቻችን ግን ገና አልተመለሱም። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ውስጥ ስማቸው ሲጠራ "አቤት" የማይሉ ልጆች አሉ። ጓደኞቻቸውን ስንጠይቅ መልሱ ያው የምታውቁት ነው። "ከአጎቱ ጋር አዲስ አበባ ሄደ።"

ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። በእኛ በጉራጌ መስቀል ሲያልፍ ልጅ ዘመድ ተከትሎ ወደ ከተማ ይወጣል። ሊስትሮ ሠርቶ፣ ሱቅ ተላልኮ፣ እቁብ ገብቶ ለወግ ማዕረግ የበቃ ስንት ሰው አለን። በዚህ እኮራለሁ። የዛሬው መርካቶ ግን የአባቶቻችን መርካቶ አይደለም። ክፍያው በቴሌብር ነው፣ ደረሰኙ በማሽን ነው፣ ግብሩ የሂሳብ መዝገብ ይጠይቃል። መቶኛ ማስላት የማይችል ልጅ ዕድሜ ልኩን የሰው ሱቅ ሲጠብቅ እንዳይኖር እሰጋለሁ።

ዘንድሮ ደስ ያለኝ ይህንኑ ነጋዴዎቹ ራሳቸው ማንሳታቸው ነው። መስቀል እንዳለፈ የአካባቢያችን ሽማግሌዎች የቀበሌውን አመራር፣ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ህብረት (ወመተህ) ኮሚቴውንና ለበዓል የመጡ ነጋዴዎቻችንን በመንደራችን ሰፊ መንገድ፣ ጀፎሮው ላይ፣ ሰብስበው ነበር። እኔም ነበርኩ። ንግግሩ ረዘም አለ፤ ውሳኔው ግን አጭር ነው። ስምንተኛ ክፍልን ያልጨረሰ ልጅ ማንም ነጋዴ ይዞ አይሄድም፣ ሱቁ ውስጥም አያሠራም። ይዞ የሄደ ካለ ይመልሳል። ሕጉም ቢሆን ይህንኑ ይደግፋል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል።

ነጋዴዎቹ በዚህ አላበቁም። ልጃቸው የሚልከውን ብር ይጠብቁ ለነበሩ ቤተሰቦች የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ እንሸፍናለን ብለዋል። እናንተ ቤት ይህ ችግር ካለ ለክፍል ኃላፊው መምህር ንገሩ። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ስማችሁም ከእኔና ከኮሚቴው አይወጣም።

የቀበሌው ድርሻ ገበያውን ይመለከታል። ብዙ እናቶች ስላልሰሙ ይህን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። ገበያ ቀን ከትምህርት የሚቀሩት ልጆች አብዛኞቹ የሚቀሩት ለመሸጥ አይደለም። እናት በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮዋን ተሸክማ ትመጣለች። በአንድ ሸክም አያልቅላትም። ቀሪውን ልታመጣ ስትመለስ፣ ያስቀመጠችውን የሚጠብቅላት ሰው ያስፈልጋታል። ጠባቂው ልጇ ነው። ባለፈው ገበያ አንዱን ተማሪያችንን ደብተሩን ቆጮው ላይ አስደግፎ ሒሳብ ሲሠራ አገኘሁት። ጎበዝ ልጅ ነው። ግን በዚያች ሰዓት መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚያስረዳውን ማን ያስረዳዋል?

ስለዚህ ቀበሌው ገበያው ዳር ባዶውን የቆመውን መጋዘን ለእናቶች የቁጠባና ብድር ማህበር ሰጥቷል። ጣሪያው ተጠግኗል፤ ጠባቂም ተቀጥሮለታል። ዕቃችሁን አስገብታችሁ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ትቀበላላችሁ። ዝናብ ቢመጣ ቆጮውና ቡላው አይበላሽም። "ሳይመሽብኝ" ብላችሁም በርካሽ ጥላችሁት አትሄዱም፤ ያልተሸጠው እስከሚቀጥለው ገበያ እዚያው ይቀመጥላችኋል። ልጁም ክፍሉ ይገባል። ለእኔ ከብዙ ትልልቅ ሥራዎች ይህች መጋዘን ትበልጥብኛለች። እባካችሁ ተጠቀሙባት።

እኛም እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። የሒሳብ መምህሮቻችን ቅዳሜ ከሰዓት ለገበያ እናቶችና ለባለሱቆች የገቢና ወጪ አያያዝ በነፃ ያስተምራሉ። የትምህርት ቤቱ ባህር ዛፍ የተሸጠበት ገንዘብ ደግሞ ለማጠናከሪያ ትምህርትና ለቤተ መጻሕፍቱ መብራት እንዲውል ኮሚቴው ወስኗል። ሂሳቡ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል።

ማጠናከሪያው ለምን እንዳስፈለገ ታውቃላችሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት የአገራችን ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። እኔ እንደ መምህር የማየው ግን ክፍተቱ ቀድሞ እንደሚጀምር ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ በየሳምንቱ አንድ ቀን የሚቀር ልጅ፣ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ቀመሩ ሁሉ ይምታታበታል። ከዚያ ትምህርት ያስጠላዋል። ከዚያ አጎቱ ሲመጣ ቦርሳውን ይዞ ይነሳል።

ሽማግሌና ቀበሌ ተሰብስቦ ምን ለውጥ ያመጣል የምትሉ ትኖራላችሁ። አባቶቻችን በ1950ዎቹ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን ሲያቋቁሙ አዲስ አበባ ያለውም አገር ቤት ያለውም ከኪሱ አዋጥቶ ነው አገራችን መንገድ የገባላት። ዘንድሮ የተጠየቅነው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

አሁን ነገሬን ልጁ ወደ ሄደበት ወላጅ ላምጣ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ መልሱልን። ሲመጣ የሚቆጣው፣ የሚቀጣው አይኖርም። ያመለጠውን መምህሮቹ በማጠናከሪያ ክፍል ያሟሉለታል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስቡኝ ለቤት ሠራተኝነት የሄዱት ሴቶች ልጆቻችን ናቸው። ወንዱ ያለበት ሱቅ ይታወቃል። የእነሱን ግን ያሉበትን ቤት እንኳ የማታውቁ ወላጆች አላችሁ። ያደረሰቻትን ዘመድ ስም ብቻ ብትነግሩን ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ደውለው ያፈላልጋሉ፤ ቃል ገብተውልናል።

ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በትምህርት ቤቱ ግቢ ስብሰባ አለን። ሽማግሌዎቹና የቀበሌው ሊቀመንበር ይገኛሉ። አባትም እናትም ብትመጡ ደስ ይለኛል፤ ስለ መጋዘኑ የሚነገረው በተለይ እናቶችን ይመለከታል። ልጃችሁ አዲስ አበባ ካለ ያለበትን ዘመድ ስልክ ቁጥር ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር