ከማጫወቻዎ ዘፈን ሲጠፋ፦ ፎርማት ከማድረግዎ በፊት ያንብቡት

ውድ ደንበኞቻችን፣

«ዘፈኖቼ የውሃ ሽታ ሆኑ» ተብሎ የሚመጣ የእጅ ማጫወቻ ሁሉ ባዶ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የጠፋው ዘፈኑ ሳይሆን ዘፈኑ የት እንዳለ የሚናገረው መዝገብ ነው። መዝገቡ ብቻ ከጠፋ ሥራው ቀላል ነው። ዘፈኑ ራሱ ሌላ ፋይል ከተደረበበት ግን እኛም ሆንን ሌላ ባለሙያ የምንመልሰው ነገር የለም። በሁለቱ መካከል ያለውን ሊኑክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በተጫነበት ኮምፒውተርና በነፃ በሚገኙ ሶፍትዌሮች እርስዎም ሊሞክሩት ይችላሉ፤ አካሄዱን ከነምክንያቱ ከዚህ በታች ጽፈናል። የፕሮግራሞቹንና የትእዛዞቹን ስም እንደ አነባበባቸው ነው ያሰፈርነው፤ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ የሚጻፉት ግን በላቲን ትንንሽ ፊደል ነው።

ከሁሉ በፊት እጅዎን ይሰብስቡ። ማጫወቻው «ፎርማት ላድርግ?» ብሎ ቢጠይቅ እምቢ ይበሉ፤ ኮምፒውተሩ «ስህተት አለ፣ ላስተካክለው» ቢልም እንዲሁ። አዲስ ዘፈን አይጫኑበት፣ ድምፅም አይቅረጹበት። ምክንያቱ እንዲህ ነው። አብዛኞቹ ማጫወቻዎችና ትንንሽ ካርዶች ፋት32 የሚባለውን የፋይል ሲስተም (ፋይሎች የሚደረደሩበትንና የሚመዘገቡበትን ሥርዓት) ይጠቀማሉ፤ ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆኑ ካርዶች ደግሞ ኤክስፋትን። በፋት32 አንድ ፋይል ሲሰረዝ፣ በፎልደሩ ዝርዝር ውስጥ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል በምልክት ይተካል፤ ፋይሉ ያረፈባቸውን ክላስተሮች (ትንንሽ የማከማቻ ክፍሎች) የሚያያይዘው ሰንሰለት ደግሞ ዜሮ ይሆናል። ድምፁ ያለበት ቦታ አይነካም። ቦታው «ነፃ» ተብሎ ስለተመዘገበ ግን ቀጥሎ የሚገባው ፋይል እዚያው ላይ ሊያርፍ ይችላል። በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ የአራት ደቂቃ ዘፈን 4 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ አንድ አልበም «ለሙከራ» መጫን አሥር ያህል አሮጌ ዘፈኖችን ሊቀብር ይችላል።

አሁን አንድ ሒሳብ ይሥሩ። ማጫወቻውን ሰክተው ምን ያህል ቦታ እንደተያዘ ይዩ። 8 ጊጋ በሆነ ማጫወቻ ላይ 6.1 ጊጋ ተይዟል ይላል እንበል፤ የሚታዩት ፎልደሮች ሲደመሩ ግን 0.9 ጊጋ ናቸው። ቀሪው 5.2 ጊጋ አልተሰረዘም፣ አልታይ ብሎ ነው እንጂ። በፋይል ማኔጀሩ ላይ ኮንትሮልንና ኤችን አንድ ላይ ይጫኑ፤ የተደበቁት ይወጣሉ። መሐላቸው በነጥብ የሚጀምር፣ «ትራሽ» የሚልና በ1000 የሚያበቃ ፎልደር ካገኙ ፍለጋው አብቅቶ ይሆናል። ሊኑክስ ላይ ከማጫወቻ በዲሊት ቁልፍ የተሰረዘ ፋይል የሚገባው እዚያው ማጫወቻው ላይ ወደሚፈጠር ወደዚህ ቅርጫት ነው። 1000 የኮምፒውተሩ የመጀመሪያ ተጠቃሚ መለያ ቁጥር ነው፤ ሌላ ሰው ሰርዞት ከሆነ 1001 ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። ዘፈኖቹ በውስጡ «ፋይልስ» በሚለው ፎልደር ከነስማቸው አሉ። መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ይቅዷቸው፣ ከዚያ ሌላውን ያስቡበት።

የድሮዎቹ አይፖዶች ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። አይፖድ ዘፈኖቹን «አይፖድ ኮንትሮል» በሚለው ፎልደር ሥር፣ «ሚውዚክ» ውስጥ፣ ኤፍ00፣ ኤፍ01 እያለ በየክፍሉ በትኖ፣ ስማቸውንም በትርጉም የለሽ አራት ፊደላት ቀይሮ ያስቀምጣል። የትኛው ፋይል የትኛው ዘፈን እንደሆነ ማጫወቻው የሚያውቀው አይቲዩንስ ዲቢ በሚባለው የመዝገብ ፋይል ነው። እሱ ሲበላሽ ማያው ዘፈን የለም ይላል፤ ፋይሎቹ ግን አሉ፣ ርዕሱና የዘፋኙ ስምም በየፋይሉ ውስጥ ታግ በሚባለው የመረጃ ክፍል ተጽፏል። ዊንዶውስ ፎልደሩን ስለሚደብቀው ሰው ባዶ ይመስለዋል። ሊኑክስ የፋትን የ«ተደብቋል» ምልክት ስለማይከተል ፊት ለፊት ያሳየዋል። ፎልደሩን በሙሉ ይቅዱት። መልሰው ሲጭኑ ሪትምቦክስን በመሰለ፣ መዝገቡንም አብሮ በሚጽፍ ፕሮግራም ይጠቀሙ፤ በፋይል ማኔጀር ጎትተው የጣሉት ዘፈን ቦታ ይይዛል እንጂ አይጫወትም።

ሌላም የማያስደነግጥ ምክንያት አለ። አንዳንድ የቆዩ ማጫወቻዎች የሚያነቡት አይዲ3 የተባለውን የኤምፒ3 ታግ 2.3ኛ ዓይነት ብቻ ነው። ታጉ በ2.4 የተጻፈ ዘፈን በዘፋኙ ስም ሥር ስለማይገኝ የጠፋ ይመስላል፤ «ያልታወቀ» በሚለው ሥር ይፈልጉት።

ከዚህ ካለፈ ወደ ካርዱ ሆድ መውረድ ነው። እዚህ ላይ ማጫወቻው ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ወሳኝ ነው። ኤምቲፒ በሚባለው፣ ፋይል በፋይል በሚያስተላልፈው መንገድ የተገናኘ ማጫወቻ የሚያሳየው ያሉትን ፋይሎች ብቻ ነው፤ ነፃ የተባለውን ቦታ አያስነካም፣ የተሰረዘም በዚያ በኩል አይወጣም። ሴቲንጉ ውስጥ የዩኤስቢ ሞድ የሚል ምርጫ ካለ ማጫወቻውን እንደ ፍላሽ ዲስክ ወደሚያሳየው ወደ ኤምኤስሲ ይቀይሩት። ዘፈኖቹ በማይክሮ ኤስዲ ካርድ ላይ ከነበሩ ደግሞ ካርዱን አውጥተው በካርድ ሪደር ማንበቡን እንመርጣለን፤ ቢያንስ በመሐል ባትሪ አያልቅብዎትም።

ማጫወቻውን ሳይሰኩ ተርሚናል ላይ «ኤል-ኤስ-ቢ-ኤል-ኬ» ብለው ይጻፉ፤ የተሰኩትን ዲስኮች ይዘረዝራል፤ ከዚያ ይሰኩትና ይድገሙት። አዲስ የመጣው መስመር የእርስዎ ነው፤ ኤስዲቢ ወይም ኤስዲሲ የመሰለ ስም ይኖረዋል፣ በላፕቶፕ የካርድ ማስገቢያ በኩል ከሆነ ደግሞ ኤምኤምሲቢኤልኬ0። መጠኑንም ያመሳክሩ። 8 ጊጋ ተብሎ የተሸጠው 7.5 ገደማ፣ 32 የተባለው ከ30 በታች ሆኖ ይታያል፤ አምራቹ በ1000፣ ኮምፒውተሩ በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው እንጂ የጎደለ ነገር የለም። ሊኑክስ በራሱ ከፍቶት ከሆነ ገመዱን ሳይነቅሉ አንማውንት ያድርጉት (ከሲስተሙ ያላቅቁት)።

በካርዱ ላይ በቀጥታ አይሥሩ። ካርዱን ከዳር እስከ ዳር የሚገለብጥ አንድ ኢሜጅ ያንሱና ቀሪውን ሁሉ በኢሜጁ ላይ ይሥሩ። ኮምፒውተርዎ ላይ የካርዱን ሙሉ መጠን እጥፍ የሚሆን ባዶ ቦታ ያዘጋጁ፤ ግማሹ ለኢሜጁ፣ ግማሹ ከውስጡ ለሚወጣው። ለዚህ የምንጠቀመው ዲዲሬስኪውን ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ጥቅሉ ጂዲዲሬስኪው ይባላል፣ ትእዛዙ ግን ጂ የለውም። ከትእዛዙ ቀጥሎ ሦስት ነገር ይጻፋል፦ የሚነበበው ዕቃ፣ የሚፈጠረው ኢሜጅ፣ የሥራው ካርታ። ካርታው የት እንደተደረሰ ስለሚይዝ መብራት ቢጠፋ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል። በመጀመሪያው ዙር «ሰረዝ ኤን» ይጨምሩ፤ ጤነኛውን ክፍል በፍጥነት ሰብስቦ ችግር ያለበትን ወደ ኋላ ይተዋል። ያልተነበበ ከቀረ ሁለተኛውን ዙር በ«ሰረዝ ዲ» እና በ«ሰረዝ አር3» ያስኪዱት፤ የቀሩትን ብቻ እስከ ሦስት ጊዜ ደግሞ ይሞክራል። በዚህ መሐል ፕሮግራሙ «ፎርስ» የሚለውን ካልጨመርክ አልጽፍም ካለዎት ይቁሙ፤ ምንጩንና መድረሻውን አገላብጠዋል ማለት ነው። «ፎርስ» ብለው ካለፉት ባዶውን ኢሜጅ በዘፈኖችዎ ላይ እየጻፉ ነው።

ኢሜጁ ከተገኘ በኋላ ሁለት መንገድ አለ፣ ሁለቱም በአንድ ጥቅል ይመጣሉ። የተሰረዘው በቅርቡ ከሆነና ፋይል ሲስተሙ ካልተበላሸ በቴስትዲስክ ይጀምሩ። «አድቫንስድ» ከሚለው ገብተው ፓርቲሽኑን (የማከማቻውን ክፍልፋይ) ይመርጣሉ፣ ከዚያ «አንዲሊት»። የተሰረዙት ከነስማቸው ይዘረዘራሉ፤ የሚፈልጉትን በሁለት ነጥብ ቁልፍ ምልክት አድርገው በትልቁ ሲ ይቀዷቸዋል። ጥቅሙ ስምና ፎልደር ሳይጠፋ መምጣቱ ነው። ጉድለቱም አለ፦ ሰንሰለቱ ስለተሰረዘ ፕሮግራሙ ፋይሉ ከመነሻው ጀምሮ ሳይቆራረጥ ተከታትሎ ተቀምጧል ብሎ ይገምታል።

ማጫወቻው ፎርማት ተደርጎ ከሆነ ወይም ዝርዝሩ ትርጉም በሌላቸው ምልክቶች ከተሞላ ወደ ፎቶሬክ ይሂዱ። ስሙ ፎቶ ስላለበት አይሳሳቱ፣ ሙዚቃም ያወጣል። በመስኮት የሚሠራው ኪውፎቶሬክ ለጀማሪ ይሻላል። ኢሜጁን ይጨምሩለት፤ የፋይል ሲስተሙን ዓይነት በሚጠይቅበት ቦታ ፋትና ኤክስፋት ያሉበትን ይምረጡ። ቀጥለው የፋይል ዓይነቶቹን ዝርዝር ከፍተው ሁሉንም ያጥፉና ኤምፒ3፣ ፍላክና ኦግን ብቻ ያብሩ፤ ካልሆነ የአልበም ሽፋን ሥዕሎች ጎርፍ ይጠብቅዎታል። ኤም4ኤ ፈልገው በስሙ ካጡት «ሞቭ» የሚለውን ያብሩ፤ ከቪዲዮዎቹ ጋር በአንድ ቤተሰብ ነው የተመደበው። ለተሰረዘ ፋይል ነፃውን ቦታ ብቻ የሚያስሰው «ፍሪ» ይበቃል፤ ለተበላሸ ፋይል ሲስተም ሁሉንም የሚያስሰውን «ሆል»ን ይምረጡ።

ፎቶሬክ የፎልደር ዝርዝሩን ወደ ጎን ትቶ የካርዱን ይዘት ያስሳል፤ የሚያውቀው የፋይል መነሻ ሲያጋጥመው ከዚያ ጀምሮ ይቀዳል። ስለዚህ የሚያገኙት በቁጥር የተሰየሙ ፎልደሮችን ነው፤ ፋይሎቹም በኤፍ ጀምረው በረጅም ቁጥር የሚቀጥል ስም ይኖራቸዋል። ቁጥሩን ለማንበብ አይድከሙ። ፒካርድ የተባለው ፕሮግራም ታጉን አንብቦ በዘፋኝና በአልበም መድቦ ስማቸውን ይመልሳል፤ ታግ የሌለውን ደግሞ በድምፅ አሻራው በኢንተርኔት ያፈላልጋል። በመረጃ ቋቱ ውስጥ ያልተመዘገበን ዘፈን ግን አያውቀውም፤ እሱን አድምጦ በእጅ መሰየም ነው።

የወጣው ሁሉ ደህና ነው ብለው አይደሰቱ። ተቆራርጦ የተቀመጠ ኤምፒ3 ሲወጣ እስከ 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ድረስ ትክክል ሄዶ በድንገት የሌላ ዘፈን መሐል ውስጥ ሊገባ ይችላል። ኤምፒ3 ብዙውን ጊዜ 26 ሚሊሰከንድ ገደማ በሚሆኑ ትንንሽ ቁራጮች የተሠራ ስለሆነ ቢጎድልም ይጫወታል፣ ጉዳቱን የሚደብቀውም ይኸው ነው። ኤም4ኤ ግን ማውጫውን የያዘው ክፍል ከጎደለ ጭራሽ አይከፈትም። ለፍላክ «ፍላክ ሰረዝ ቲ» የሚለው ትእዛዝ ድምፁን በፋይሉ ውስጥ ከተመዘገበው ማረጋገጫ ጋር ያስተያያል። ኤምፒ3ን ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው ፕሮግራም ስህተት ብቻ እንዲያሳይ አድርገው ማስኬድ ይችላሉ፤ ቢሆንም በሁለት ዘፈኖች ስፌት ላይ ሁልጊዜ አይጮህም። የሚወዱትን ዘፈን መሐሉን ከፍተው በጆሮዎ ይፈትኑት።

ኤፍኤስሲኬ ስለተባለው ጠጋኝ ብዙ ስለምንጠየቅ፦ በኢሜጁ ቅጂ ላይ ካልሆነ አይጠቀሙበት። ሥራው ፋይል ሲስተሙን ማስታረቅ እንጂ ዘፈን ማዳን አይደለም፤ ባለቤት ያጣውን ሰንሰለት ወደ ነፃ ቦታ ሊቀላቅለው ይችላል። «ሰረዝ ኤን» ከተጨመረበት ግን አይቶ ይናገራል እንጂ አይነካም።

ዘፈኖቹን ወደዚያው ካርድ ከመመለስዎ በፊት ካርዱን ራሱን ይጠርጥሩ። 128 ጊጋ ነኝ እያለ በእውነት 8 ብቻ የሚይዝ የውሸት ካርድ በገበያ ሞልቷል። የመጀመሪያዎቹ 8 ጊጋ በደህና ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ይመዘገባል፣ ዘፈኑ ግን የለም ወይም በቀድሞው ላይ ይጻፋል። ኤፍ3 የተባለው ሶፍትዌር ይህን ያጋልጣል። «ኤፍ3ራይት» ካርዱን በመፈተሻ ፋይሎች ይሞላል፣ «ኤፍ3ሪድ» መልሶ አንብቦ ምን ያህሉ እንደጠፋ ይነግርዎታል። ቅጂ ካላነሱ ግን አይሞክሩት፤ ነፃውን ቦታ በሙሉ ይጽፍበታል።

ካርዱ ጤነኛ ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የገመድ አነቃቀል ነው። ሊኑክስ የሚጽፈውን መጀመሪያ በራም ይይዛል፤ መቅጃው 100 ከመቶ ሲል የመጨረሻዎቹ ዘፈኖች ገና ካርዱ ላይ ላይደርሱ ይችላሉ። «ኢጀክት» ብለው መንቀል ይቻላል እስኪልዎት ይጠብቁ፤ ተርሚናል ላይ «ሲንክ» ቢጽፉም ትእዛዙ የሚመለሰው ተጽፎ ሲያልቅ ነው።

የሚከተሉት ከታዩ ግን ራስዎ አይቀጥሉ፦ መጠኑ ዜሮ ሆኖ ከታየ፣ እየገባ እየወጣ ካስቸገረ፣ ካርዱ ከጋለ፣ ወይም ሃርድ ዲስክ ያለው የድሮ ማጫወቻ ቀጭ ቀጭ ካለ። በየሙከራው ይብስበታል። አጥፍተው እንዳለ ይላኩልን፤ ዲዲሬስኪውን ጀምረው ከነበረ ኢሜጁንና ካርታውን አብረው ይላኩ፣ ከቆሙበት እንቀጥላለን። በወረቀት ላይም ሦስት ነገር ይጻፉልን፦ ዘፈኖቹ መቼ እንደጠፉ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደተጫነበት፣ ዘፈኖቹ ኤምፒ3 ይሁኑ ሌላ። ሁለተኛውን ጥያቄ በግልጽ ይመልሱልን፤ ጊዜያችንን የት እንደምናውል የሚወስነው እሱ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የጥገናና የፋይል ማውጣት ክፍል