ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት

ለ፦ በደሴና በኮምቦልቻ የጋራ የሙከራ ሰርቨሮቻችንን ለምትጠቀሙ ደንበኞቻችን በሙሉ

ጉዳዩ፦ የኔትወርክና የሃርድዌር ብልሽት ሲያጋጥም ስለሚደረግ ምርመራ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። በስልክ በብዛት ከሚደርሱን መልእክቶች አንዱ «ሰርቨሩ አልሠራ ሲለን ሪስታርት አደረግነው፤ አሁንም ያው ነው» የሚል ነው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ከዚያች ሪስታርት በፊት ስላሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ሰርቨሩ ሲጠፋ በሜሞሪ ላይ የነበረው ማስረጃ ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ የስሕተት ቆጣሪዎች ወደ ዜሮ ይመለሳሉ፤ በዚያው ማሽን ላይ ለቀናት ሲሠራ የቆየ የሌላ ሰው ሙከራም ይቋረጣል። ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃችኋለን፦ ከመንካታችሁ በፊት መዝግቡ፤ ስትነኩም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ኬብሉን፣ ፖርቱንና ሴቲንጉን በአንድ ላይ ቀይራችሁ ቢሠራላችሁ እንኳ የተበላሸው የትኛው እንደነበር ማንም አያውቅም፤ ያ የተበላሸ ኬብል ነገ ሌላ ሰው እጅ ይገባል።

የምንፈልገው መረጃ ብዙ አይደለም። በሰርቨሩ ፊት የተለጠፈው ስም፣ ኬብሉ በሁለቱም ጫፍ የተሰካበት የፖርት ቁጥር፣ ከፖርቱ ጎን ያሉት ትንንሽ መብራቶች ይበሩ ወይም ይርገበገቡ እንደሆነ፣ ስክሪኑ ላይ የወጣው ጽሑፍ ፎቶ፣ እና ከብልሽቱ በፊት መጨረሻ ላይ የቀየራችሁት ነገር። ስክሪኑ ላይ ያለውን በቃል ከምታስረዱን ፎቶው ይበልጥብናል፤ «ኤረር ይላል» ከሚል መልእክት የምናገኘው ነገር የለም።

ሰዓቱን ስትጽፉልን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብራችሁ ግለጹ። የሰርቨሮቹ ሎግ (የክንውን መዝገብ) ሰዓቱን የሚይዘው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ነው፤ የአገራችን ሰዓት ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል። «ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ተቋረጠ» ስትሉን ያ በ24 ሰዓት አቆጣጠር 14:00 ስለሆነ ሎጉ ውስጥ የምንፈልገው 11:00 ላይ ያለውን መስመር ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት (02:00) ከሆነ ደግሞ 23:00 ይሆናል፤ ያውም በዋዜማው ቀን። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ ጥቅምት 5 ሎጉ ላይ ኦክቶበር 15 ወይም 16 ሆኖ ይገኛል። ሰዓቱ በትክክል ካልደረሰን ከሺህ መስመር ሎግ ውስጥ የናንተን ብልሽት መለየት አንችልም።

ወደ ኔትወርኩ እንምጣ። «ኔትወርኩ ዘገየ» ከማለታችሁ በፊት በአይፐርፍ (የኔትወርክ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) ለኩት። ጤናማ የ1 ጊጋቢት መስመር በሰከንድ 940 ሜጋቢት አካባቢ ይሰጣል። ቁጥሩ 94 አካባቢ ከሆነ ፕሮግራማችሁን መፈተሽ ትታችሁ ወደ ኬብሉ ሂዱ፤ መስመሩ ወደ 100 ሜጋቢት ወርዷል። 1 ጊጋቢት በኬብሉ ውስጥ ያሉትን አራቱንም ጥንድ ሽቦዎች ይፈልጋል። ለ100 ሜጋቢት ግን በ1፣ 2፣ 3 እና 6 ፒኖች (የማገናኛው ጥርሶች) ላይ ያሉት ሁለቱ ጥንዶች ይበቁታል። ሰማያዊው ወይም ቡናማው ጥንድ ሲበጠስ አብዛኞቹ የኔትወርክ ካርዶች ጥቂት ሞክረው ወደ 100 ይወርዳሉ፤ መብራቱ ይበራል፣ ፒንግ (ሌላው ማሽን መልስ መስጠቱን የሚፈትሸው ትዕዛዝ) ይመልሳል፣ ሁሉም ደኅና ይመስላል። ራሱን ዝቅ ማድረግ የማይችል ካርድ ከሆነ ደግሞ ኮኔክሽኑ ይመጣል፣ ይሄዳል።

ቁጥሩ 940ም 94ም ሳይሆን 300 ወይም 500 እየሆነ የሚዋዥቅ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ተጠቃሚ በዚያው መስመር ትልቅ ፋይል እያስተላለፈ ነው። ያ ብልሽት አይደለም። የመጠቀሚያ ሰሌዳውን ተመልከቱና ተነጋገሩ፤ ለልኬት የሚሆን ጸጥ ያለ ሰዓት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ አስይዙ።

ኬብል ራሳችሁ የምትመቱ (ጫፉ ላይ ማገናኛ የምትገጥሙ) ከሆነ የቀለሙ ቅደም ተከተል በሁለቱም ጫፍ ይህ ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ ቀለሙ ለውጥ የለውም የሚል አነጋገር በብዛት ይሰማል፤ ስሕተት ነው። ሽቦዎቹ የተጠማዘዙት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። 3ኛውና 6ኛው ፒን ላይ አረንጓዴው ጥንድ ካልተቀመጠ አንዱ መልእክት በሁለት የተለያዩ ጥንዶች ላይ ተከፍሎ ይሄዳል፤ በጥምዝምዙ ይገኝ የነበረው ከጎረቤት ሽቦ ረብሻ የመከላከል አቅምም ይጠፋል። አስቸጋሪው ነገር፣ ርካሹ የኬብል ቴስተር ስምንቱንም መብራት አብርቶ «ደኅና ነው» ይላል፤ እሱ የሚያየው ሽቦው መድረሱን ብቻ ነው። ብልሽቱን የሚያሳያችሁ የካርዱ የሲአርሲ ስሕተት ቆጣሪ (ተበላሽቶ የደረሰ ዳታን የሚቆጥረው) ነው። በሊኑክስ ላይ ኤትቱል በሚባለው ትዕዛዝ ተመልከቱት፤ ቁጥሩን ጻፉ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ እዩ። ካልጨመረ ያለፈ ነገር ነው። እየጨመረ ከሆነ ኬብሉ ወይም ፖርቱ ታሟል።

ኬብል ስትገዙ ሽቦውን በምላጭ ፋቅ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ውስጡ ነጣ ብሎ ከታየ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ዋጋው ያማልላል፤ ነገር ግን ጥቂት ጊዜ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ከንጹሕ መዳብ ይልቅም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ያነሰ ነው። በእኛ ራክ (ሰርቨሮቹ በሚደረደሩበት መደርደሪያ) ላይ እንዲሰካ አንፈቅድም። ከስዊች (ማሽኖቹን እርስ በርስ ከሚያገናኘው መሣሪያ) እስከ ማሽን ያለው ጠቅላላ ርዝመትም ከ100 ሜትር አይለፍ፤ ጫፉ ላይ የሚፈታው ጥምዝምዝ ከ13 ሚሊ ሜትር አይብለጥ።

ፒንግ እየሠራ፣ ሎግ ኢንም እያደረጋችሁ፣ ትልቅ ፋይል ስትልኩ ግን ደርቆ የሚቀር ከሆነ የፓኬት (ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክበት ጥቅል) መጠን ልዩነትን ጠርጥሩ። አንዱ ማሽን 9000 ባይት እንዲልክ ተደርጎ፣ መካከል ያለው ስዊች ወይም ተቀባዩ 1500 ላይ ከቀረ ትንንሹ ያልፋል፣ ትልቁ ይጣላል። ፒንግ ስትልኩ ፓኬቱ እንዳይከፋፈል አዝዛችሁ መጠኑን 8972 አድርጉት፤ 28ቱ ባይት ለአድራሻና ለመለያ ስለሚሄድ ድምሩ 9000 ይሆናል። ያ ካላለፈና 1472 ካለፈ ምክንያቱን አገኛችሁት።

አብዝተን የምንለምናችሁ የመቆጣጠሪያውን መስመር እንዳትነኩ ነው። እያንዳንዱ ሰርቨር ቢያንስ ሁለት የኔትወርክ መስመር አለው፤ አንዱ እናንተ ከውጭ የምትገቡበት የመቆጣጠሪያው መስመር፣ ሌላው ሙከራው የሚሠራበት ነው። ፋየርዎል ስትቀይሩ ወይም አዲስ የመውጫ መንገድ ስትሰጡ በስሕተት የመጀመሪያውን ከዘጋችሁ ሰርቨሩ በሕይወት እያለ በሩ ይዘጋባችኋል። መከላከያው ቀላል ነው። ትዕዛዙን ከመስጠታችሁ በፊት ማሽኑ ከ5 ደቂቃ በኋላ ራሱን እንዲያስነሣ ቀጠሮ ስጡት፤ ለውጡን በቋሚነት ሳታስቀምጡ ሞክሩ። ተመልሳችሁ መግባት ከቻላችሁ ቀጠሮውን ሰርዙ፤ ካልቻላችሁ ራሱ ተነሥቶ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። በእርግጥ ይህን የምታደርጉት ማሽኑን ብቻችሁን በያዛችሁበት ሰዓት ብቻ ነው።

ከቤት ወይም ከቢሮ ያመጣችሁትን የዋይፋይ ራውተር በስዊቹ ላይ አትሰኩ። ራውተሩ ራሱን የአድራሻ አዳይ አድርጎ ለሁሉም ማሽን አይፒ ማደል ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ማን መጀመሪያ መለሰ በሚል ዕድል ግማሹ ማሽን ትክክለኛውን፣ ግማሹ የራውተሩን አድራሻ ይይዛል። ማሽናችሁ በድንገት በ192.168.0 ወይም በ192.168.1 የሚጀምር አድራሻ ይዞ ካገኛችሁት ወዲያውኑ ደውሉ። ሁለቱም ጫፉ አንድ ስዊች ላይ የተሰካ ኬብልም ከዚህ አይተናነስም፤ ይህን የሚከላከለው ሴቲንግ ባልበራበት ስዊች ላይ ሁሉም መብራቶች በአንድነት ያለ ማቋረጥ ይርገበገባሉ፣ ማንም ወደ ማንም አይደርስም። መጨረሻ የተሰካውን ኬብል ንቀሉ።

ሌላው ትልቁ የብልሽት ምንጭ መብራት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ማሽን በአንድ ጊዜ ሲነሣ ሰርቨሮቹ ስዊቹን ይቀድሙታል። አድራሻ ይጠይቃሉ፣ የሚመልስላቸው የለም፣ ተስፋ ቆርጠው ያለ አድራሻ ይቆማሉ። ስለዚህ የማብራቱ ቅደም ተከተል ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ)፣ ከዚያ ስዊች፣ ከዚያ አድራሻ የሚያድለው ማሽን፣ ከዚያ የጋራው ማከማቻ፣ በመጨረሻ የሙከራ ሰርቨሮቹ ነው። ስዊቹ ተነሥቶ እስኪረጋጋ 3 ደቂቃ ታገሡ። ማከማቻው ሳይደርስ የተነሣ ሰርቨር የከፋ ነገር ያደርጋል፦ የጋራው ፎልደር ባዶ ሆኖ ይታያል፣ ፕሮግራማችሁም ምንም ሳይል ውጤቱን በዚያው ማሽን ዲስክ ላይ ይጽፋል። በኋላ ማከማቻው ሲያያዝ ያ ፋይል ይሸፈናል፤ እናንተ ጠፋ ትላላችሁ። አልጠፋም፤ ስሩ ነው ያለው፤ ንገሩንና እናወጣዋለን። ከመብራት መጥፋት በኋላ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ማከማቻው መያያዙን አረጋግጡ።

ዩፒኤሱ በጄኔሬተር ጊዜ ደጋግሞ ወደ ባትሪ የሚዘል ከሆነ ተበላሸ ማለት ላይሆን ይችላል። የጄኔሬተሩ ፍሪኩዌንሲ ከ50 ኸርትዝ ሲዋዥቅ ዩፒኤሱ አይቀበለውም። ባትሪው ግን እያለቀ ይሄዳል፤ ባለ 12 ቮልቱ ሊድ አሲድ ባትሪ እንደ ሙቀቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚቆየው።

ሙቀትን በተመለከተ የቦታችን ነገር አለበት። በብዙ የሰርቨር ሞዴሎች ሰነድ ላይ ያለው የ35 ዲግሪ ጣሪያ የሚሠራው እስከ 900 ሜትር ከፍታ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ጣሪያው ወደ 30 ዲግሪ ይወርዳል፤ ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር አካባቢ 32 ገደማ ላይ ይቀራል። ደሴ ላይ የውጭው አየር ራሱ ያግዛል፤ የሚያሳስበን የኮምቦልቻው ክፍል የከሰዓት ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ምንም ኤረር አያወጣም። ጠዋት የለካችሁትና ከሰዓት የለካችሁት ውጤት ቢለያይ ልዩነቱ የኮዳችሁ ላይሆን ይችላል፤ ከእያንዳንዱ ልኬት ጋር የፕሮሰሰሩን ሙቀትና ፍጥነት አብራችሁ መዝግቡ። በራኩ ላይ ባዶ ቦታዎችን የሚሸፍኑትን ክዳኖች አትንቀሉ፤ ሲከፈቱ ከኋላ የወጣው ትኩስ አየር ዞሮ ከፊት ይገባል።

የራም ስሕተት ሲመዘገብ ራሙን ከመጣላችሁ በፊት ቦታውን ከሌላ ራም ጋር ለዋውጡ። ስሕተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ራሙ ነው፤ እዚያው ሶኬት ላይ ከቀረ ማዘርቦርዱ ወይም ፕሮሰሰሩ ነው። ከመክፈታችሁ በፊት ሁለቱንም የኤሌክትሪክ ገመዶች ንቀሉ፤ ሰርቨሮቹ ሁለት ፓወር ሰፕላይ ስላላቸው አንዱን ብቻ መንቀል አያጠፋቸውም። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አውጡ፤ የማሽኑን ሣጥን ብረት ነክታችሁ ጀምሩ። የራሙን ጥርስ በላጲስ ማሸት በየሱቁ የተለመደ ነው፤ እኛ አንመክርም፤ ወርቁን ይፍቃል፣ ፍርፋሪው ሶኬት ውስጥ ይቀራል። በአይሶፕሮፒል አልኮል እርጥብ ያለ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል።

ሃርድ ዲስክ ላይ የስማርት መረጃውን (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበውን) ስታዩ ሦስት ቁጥሮች ይበቋችኋል። መለያ ቁጥራቸው 5 እና 197 የሆኑት (የተጎዱ የዲስክ ቦታዎችን የሚቆጥሩት) ከዜሮ ተነሥተው እየጨመሩ ከሆነ ዳታችሁን ዛሬውኑ ገልብጡ፣ ዲስኩ እየሄደ ነው። መለያ ቁጥሩ 199 የሆነው ብቻ የሚጨምር ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ጤነኛ ነው፤ የላላ ወይም የተጎዳ የዳታ ኬብል ነው።

ማሽን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የምታወርዱ ከሆነ ሐረጎ ላይ ያለው ጠመዝማዛ መንገድና ንዝረቱ ካርድና ራም ያላላል። ስትደርሱ ከፍታችሁ ሁሉንም ጫን ጫን አድርጉ። ቀዝቃዛው ብረት ሞቃቱ አየር ላይ ሲደርስ ውስጡ ጤዛ ሊይዝ ስለሚችል ከነካርቶኑ ጥቂት ሰዓት አቆዩት፤ ወዲያው አታብሩ።

የእያንዳንዱን ሰርቨርና ፖርት ስም የያዘውን ዝርዝር ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል። አትማችሁ ከራኩ አጠገብ ለጥፉት፤ የተላጠ ወይም ከዝርዝሩ ጋር የማይገጥም ስቲከር ካገኛችሁ አሳውቁን፣ መጥተን እናስተካክላለን።

ከሰላምታ ጋር

የቴክኒክ ድጋፍ ክፍል