ሽሮ ሜዳ ላይ መስኮት ላስዘጋው አስጎብኚ ድርጅት የቀረበ ቅሬታ

ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአስጎብኚ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ እንግዶቼ ከፕሮግራም ውጭ ሱቅ ስለመወሰዳቸው እና ስለ ሰፈሬ ሰዎች ስለተነገራቸው ነገር

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

ጥር 7 ቀን ረቡዕ ለሦስት እንግዶቼ የአንድ ቀን የእንጦጦ ጉብኝት ከቢሮዎ ገዝቼ ነበር። ክፍያውንም አስቀድሜ ጨርሻለሁ። እንግዶቹ የአክስቴ ልጅ፣ ጀርመናዊው ባለቤቷ እና የባለቤቷ እናት ናቸው። የመጡት ጥምቀትን ሊያከብሩ ነው። እኔ ሥራ ስለነበረኝ ነው ለእናንተ አደራ የሰጠሁት።

መልካሙን ላስቀድም። መኪናው ንጹህ ነበር፣ በሰዓቱም መጣ። አስጎብኚው ልጅ እውቀት አለው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ መጫናቸውን፣ እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃን ወደው ከተማው ከተራራው እንዴት እንደወረደ፣ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መምጣቱን፣ ሁሉንም አስረድቷቸዋል። ማታ ቡና ላይ አማቷ ይህን ሁሉ ለእናቴ መልሳ ነገረቻት። የአክስቴ ልጅ ታስተረጉማለች። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በኖረችበት ተራራ ሥር ያለውን ታሪክ ከጀርመን ከመጣች ሴት ስትሰማ ደስታዋ ልክ አልነበረውም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደው መንገድ በሽሮ ሜዳ ነው የሚያልፈው። ግራና ቀኙ ሱቅ ነው። ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ኩታው በር በሩ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። የጥምቀት ሰሞን ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ነጭ ይሆናል። የአክስቴ ልጅ አይታ «እዚህ እንውረድ፣ ልብስ እንገዛለን» አለች። ልጁ ምን ብሎ መለሰ? «እዚህ አይወረድም፣ የሌባ ሰፈር ነው። የሚሸጡትም የቻይና ነው። እኔ ትክክለኛው ቦታ እወስዳችኋለሁ።» ከዚያ መስኮት አስዘጋቸው። ፀሐይ ላይ፣ መስኮት ዘግተው በሰፈሬ አለፉ።

እኔ ሽሮ ሜዳ ነው ተወልጄ ያደግኩት። አባቴ ሸማኔ ነበር፣ ከጋሞ የመጣ። እናቴ ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል። ጠዋት የምነቃው በመወርወሪያው ድምፅ ነበር። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ ሲረግጥ ይውላል፤ ማታ ሲነሳ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ነው። በዚያ ሥራ ነው እኔና እህቶቼን ያስተማረን። ሌባ አልነበረም። ጎረቤቶቹም አልነበሩም። እርግጥ ሽሮ ሜዳ ላይ የፋብሪካ ጨርቅ የሚሸጥ አለ፣ ዋጋ የሚሰቅልም አለ። ግን በአንድ ቃል ሰፈርን በሙሉ ሌባ ማለት ምን ይባላል?

ከተራራው ሲወርዱ እንደገና በዚያው አለፉ። ከዚያ በአዲሱ ገበያ በኩል ከከተማ ወጥተው ሱሉልታ መንገድ ላይ ያለ አንድ ትልቅ ሱቅ ተወሰዱ። አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያ ቆዩ። በፕሮግራማችሁ ላይ የተጻፈው እንጦጦ ራጉኤል ግን «ሰዓት አልበቃንም» ተብሎ ቀረ። ሱቁ ውስጥ ዋጋ የተለጠፈበት አንድም ዕቃ አልነበረም። በ2006 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን እንዲያሳይ፣ ደረሰኝም እንዲሰጥ ያስገድዳል። እንግዶቼ የተሰጣቸው ማኅተም የሌለው ብጣሽ ወረቀት ነው። አማቷ አንድ ጋቢ በ16,000 ብር ገዛች።

የአክስቴ ልጅ አማርኛ ትሰማለች። ተወልዳ ያደገችው ውጭ ስለሆነ ልጁ የምትሰማ አልመሰለውም። ከሱቁ ሲወጡ ባለሱቁ «የአንተን ፐርሰንት ማታ በቴሌብር እልክልሃለሁ» ሲለው በጆሮዋ ሰምታለች።

ማታ አማቷ ጋቢውን አውጥታ እናቴ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላት። እናቴም «በጤና ልበሽው» ብላ መረቀቻት። እንግዳዋ እጇን ልትታጠብ ስትወጣ ግን እናቴ ጠርዙን ገለበጠች። ከማጉ አንድ ክር ሳብ አድርጋ በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። በእንዝርት የተፈተለ ክር አንድ ቦታ ወፈር፣ አንድ ቦታ ቀጠን ይላል። ይሄኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነበር፣ እንደ ልብስ ስፌት ክር። «ይሄን እጅ አልፈተለውም» አለችኝ በቀስታ። ከዚያ መልሳ አጣጥፋ አስቀመጠችው። በማግስቱ ሽሮ ሜዳ ወርጄ ማጉ የእጅ ፈትል የሆነ ጋቢ ጠየቅኩ። 5,000 አሉኝ፣ ተከራክሬ በ4,500 ብር ገዛሁ።

ለቢሮዎ ስደውል የተሰጠኝ መልስ «እንግዶቹ ወደው ነው የገዙት፣ ማንም አላስገደዳቸውም» የሚል ነው። ሌላው ገበያ የሌባ ነው ተብሎ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ አንድ ሱቅ ብቻ የታየ ሰው ምኑን መረጠ?

ኮሚሽን አላውቅም አልልም። ቤት ስንከራይም መኪና ስንገዛም ደላላ አለ፤ እንግዳ ላመጣ ሰውም የድካሙን መስጠት ነውር አይደለም። ነውሩ መደበቁ ነው። ያ ፐርሰንት ከባለሱቁ ኪስ አልወጣም፣ ጋቢው ላይ ተጭኖ ከአንዲት የ70 ዓመት ሴት ቦርሳ ነው የወጣው። ቀኑን ሙሉ ሲረግጥ የዋለ ሸማኔም ከዚያ 16,000 ብር ሳንቲም አላገኘም። እዚያው እንጦጦ መንገድ ላይ ድሮ እንጨት ይሸከሙ የነበሩ እናቶች ሻርፕ ሸምነው ይሸጣሉ። እነሱ ጋ እንኳ አላቆመም። ፐርሰንት ስለማይሰጡ ነው ብዬ ነው የማምነው።

ልጁ ከሥራ እንዲባረር አልፈልግም። የቀን አበሉ ትንሽ ሆኖ ኑሮውን በሱቅ ፐርሰንት እንዲሞላ ተትቶ ከሆነ ጥፋቱ የድርጅታችሁ ነው፣ አበሉን አስተካክሉለት። ከሱቅ ጋር ስምምነት ካላችሁም ለእንግዳ ከመነሳቱ በፊት ይነገረው፣ ፕሮግራሙ ላይም ይጻፍ። የጋቢውን የዋጋ ልዩነት 11,500 ብር እና ያልታየውን የራጉኤል ጉብኝት ክፍያ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ከሁሉ በላይ ግን አስጎብኚዎቻችሁ በሽሮ ሜዳ ሲያልፉ መስኮት ማስዘጋት ያቁሙ። መውረድ የፈለገ እንግዳ ይውረድ፣ አይቶ ራሱ ይፍረድ።

ለአማቷ እስካሁን አልነገርናትም። ጥምቀት ዕለት ጃን ሜዳ ጋቢውን ለብሳ ዋለች፣ ያየ ሁሉ «አማረብሽ» ሲላት ፊቷ ይበራ ነበር። እናቴም አብራን ነበረች፣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እንግዶቼ የሚሳፈሩት ጥር 24 ቀን ነው። መልሳችሁን ከዚያ በፊት በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የሽሮ ሜዳ ነዋሪ፣ ደንበኛችሁ