በስድስት ወር ቀጠሮ መካከል ያለው ዝምታ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መታደል ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. አንስቶ ሕክምናውን ስንከታተል ከቆየነው መካከል ብዙዎቻችን ዛሬ አርጅተናል። ያኔ በየወሩ ስንሰለፍ ወረፋው ቢያሰለችም፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን የልባችንን እንጫወት ነበር፤ እንደ ተስፋ ጎህና መቅድም ያሉ ከቫይረሱ ጋር የምንኖር ሰዎች ማኅበራትም መገናኛችን ነበሩ። አሁን የቫይረሱ መጠን በሚገባ የቀነሰለት ሰው የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይወስዳል። ድካሙ ቀርቷል፤ ጨዋታውም አብሮ ቀርቷል።

ለዚህ መፍትሔ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ሐሳብ የቴሌግራም ቡድን መክፈት ነው። ነገር ግን ቴሌግራም ስምንና ፎቶን ያሳያል፣ የአብዛኞቻችን ስልክ ደግሞ በልጅ ልጆቻችን እጅ ይውላል፤ ለገዛ ልጁ ሳይናገር ሃያ ዓመት የኖረ አረጋዊ ምስጢሩ በአንዲት ብልጭ ባለች መልእክት ሊወጣበት ይችላል። (ደግሞስ ያን ደቃቅ ፊደል በየትኛው ዓይናችን እናነበዋለን?)

ስለዚህ በእኔ እምነት የሚሻለው ተራው ስልክ ነው። የሕክምና ክፍሎች ፈቃደኛ የሆኑ አምስት ስድስት አረጋውያንን ማንነታቸውን ሳይገልጹ በሳምንት አንድ ቀን በጋራ የስልክ ጥሪ ቢያገናኙ፣ ኢንተርኔትም ሆነ ውድ ቀፎ አያስፈልግም። ስለ ኤች አይ ቪ በ952 ነፃ መስመር ምክር ስትሰጥ ለነበረች አገር የጥሪውን ወጪ መሸፈን የሚከብድ አይመስለኝም።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ