«ዛሬ ምን ተማረ?» ለሚሉኝ ወላጆች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የጋዜጣችሁ ቋሚ አንባቢ ነኝ። ሥራዬ ልጅ ማዋል ነው። ወላጆች ጠዋት ያመጡልኛል፣ ማታ ይወስዳሉ። የሚውሉትም የራሴ መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። ገና የሚድህ አለ፤ ትምህርት ቤት ሊገባ ጥቂት ወራት የቀሩትም አለ። ሁሉም የሚውሉት አንድ ሳሎን ውስጥ ነው።

በቅርቡ ለወላጆች ያወጣችሁት ምክር ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል። በቤቱ ልጅ የሚያውል ሰው ስትመርጡ ልጁ ስንት ፊደል እንደሚለይ፣ እስከ ስንት እንደሚቆጥር፣ ደብተሩ ላይ ምን እንደተጻፈ ተከታተሉ ይላል። ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፈው ይገባኛል። ልጆቹን ቴሌቪዥን ፊት ደርድሮ ስልኩን ሲነካካ የሚውል ሰው መኖሩንም አልክድም። ወላጅ መጠየቁ ትክክል ነው። ጥያቄው ግን የተሳሳተ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ደብተር ስለ ልጁ ብዙም አይናገርም። እዚያ ገጽ ላይ ያለው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ አዋቂ የልጁን እጅ ይዞ የጻፈው ነው።

ማታ በር ላይ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ይባላል። ልጁ «ተጫወትኩ» ይላል። ከዚያ ወላጁ ዞር ብሎ እኔን ያየኛል። እስቲ «ተጫወትኩ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከውሃ ልጀምር። አንድ ጎድጓዳ ሳህን፣ የተለያየ መጠን ያላቸው የፕላስቲክ ኩባያዎች፣ አንድ ማጥለያ፣ ከሥር ፎጣ። በቃ፣ ሌላ ዕቃ አያስፈልግም። የሦስት ዓመቷ ልጅ ውሃውን ከሰፊው ኩባያ ወደ ቀጭኑና ረጅሙ ትገለብጣለች። «በዛ!» ትላለች። ውሃው ያው ነው፤ ከፍ ስላለ የበዛ መሰላት። ዣን ፒያዤ የተባለው የስዊዘርላንድ የሥነ ልቦና ሊቅ ይህንኑ በብርጭቆ ሞክሮ አይቶታል። ልጆች እስከ ስድስትና ሰባት ዓመት ገደማ ድረስ ረጅሙ ብርጭቆ ብዙ የያዘ ይመስላቸዋል። «አልበዛም» ብዬ ባስረዳት ልታምነኝ ትችላለች፤ ግን አይገባትም። መልሳ ወደ ሰፊው ትገለብጠዋለች። ነገም ትደግመዋለች፣ ከነገ ወዲያም። ከዚያ ከዕለታት በአንዱ ቆም ብላ ሁለቱን ኩባያዎች አፍጥጣ ታያለች። እኔ የምጠብቀው እሱን ነው። ደብተር ላይ አይጻፍም።

በነገራችን ላይ ውሃ ከቀረበ እኔ ከቦታዬ ንቅንቅ አልልም። ስልክ ይጥራ፣ በር ይንኳኳ። ሕፃን ልጅ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ሊሰጥም ይችላል። ጨዋታው ሲያልቅ ውሃው ወዲያው ይደፋል።

ቁጥርም እንዲሁ ነው። እስከ ሃያ በዜማ የሚወርድ ልጅ አለኝ። ወላጆቹ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያስቆጥሩታል። «ሦስት ማንኪያ አምጣልኝ» ስለው ግን እጁ የያዘለትን ያህል አፍሶ ይመጣል። የቁጥሮችን ስም በተርታ ማወቅና ሦስት ስንት እንደሆነ ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው የሚመጣው ለምሳሌ ምሳ ሲቀርብ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ኩባያ በማደል ነው። ኩባያ ያልደረሰው ልጅ ይጮሃል። አዳዩ ተመልሶ ሄዶ አንድ ያመጣል። አንድ ብቻ! ከታጠበ ልብስ ውስጥ የካልሲ ጥንድ መፈለግም፣ ክዳን ከየዕቃው ጋር ማገጣጠምም ያው ሒሳብ ነው። ለእኔም የቤት ሥራዬ ይቀልልኛል፣ ምን እደብቃለሁ።

ስለ መጻፍ ብዙ አልልም። የሚጽፈው ጣት ብቻ አይደለም። ትከሻም፣ ክንድም፣ መዳፍም አለበት። የሚድህ ልጅ፣ ትራስ ላይ የሚንጠላጠል ልጅ፣ በውሃ በተነከረ ትልቅ ብሩሽ የግቢውን ግንብ «ቀለም የሚቀባ» ልጅ ለእርሳስ እየተዘጋጀ ነው። ዱቄትና ጨው በውሃ አቡክቼ የመጫወቻ ሊጥ እሰጣቸዋለሁ። ይድቦለቦላል፣ ይቆነጠራል፣ ይጠፈጠፋል። ጨው የበዛበት ስለሆነ ሁሉን ነገር ወደ አፉ ለሚከት ሕፃን አይሰጥም። ልብስ መቆንጠጫ ከፍቶ ካርቶን ጠርዝ ላይ መሰካት ደግሞ ልጆቹን ምላሳቸውን አስወጥቶ ያሠራቸዋል። እሱን ማየት ደስ ይለኛል።

ዕቃቃ ላይ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው የሚንቀው እሱን ነው። አንድ ልጅ ዱላ በእግሮቹ መሃል አድርጎ «ፈረሴ ነው» ሲል ትልቅ ነገር እየሠራ ነው። አንዱን ነገር በሌላው መወከል ችሏል። ፊደልስ ምንድን ነው? ድምፅን የሚወክል ጭረት አይደለም? ዱላው ፈረስ መሆን ካልቻለ ያ ጭረት እንዴት ድምፅ ይሆንለታል? የሶቭየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ስለዚህ ብዙ ጽፏል። ልጅ ሲጫወት ከዕድሜው ከፍ ብሎ ይገኛል የሚለው እሱ ነው። የእሱን ሐሳብ የተከተሉ ተመራማሪዎችም አንድ ነገር ሞክረው አይተዋል። ዝም ብሎ «ሳትነቃነቅ ቁም» ከተባለ ልጅ ይልቅ በጨዋታ ዘበኛ የሆነ ልጅ ረዘም ላለ ጊዜ ሳይነቃነቅ ቆመ። ይህ ለእኔ አዲስ አይደለም። ወንበር ላይ አንድ ደቂቃ የማይቀመጥ ልጅ ሐኪም ሲሆን በሽተኛው «ድኛለሁ» እስኪለው ድረስ ተረጋግቶ ይሠራል። ለዚህ የሚያስፈልገው አሮጌ ቦርሳ፣ አንድ ሻርፕ፣ ባዶ ካርቶን ነው። ካርቶኑ ጠዋት መኪና፣ ከሰዓት አልጋ ይሆናል። ባትሪ ገብቶለት ራሱ የሚዘፍን፣ ራሱ የሚበራ አሻንጉሊት ስታመጡልኝ አመሰግናለሁ፤ ግን እውነቱን ልናገር? እሱ ይጫወታል፣ ልጁ ተመልካች ይሆናል።

አሁን ደግሞ በመኖሪያ ቤት ልጅ የምናውል ሰዎች ራስ ምታት ወደሆነው ነገር ልግባ። ምክራችሁ ጨርሶ አልነካውም። ትምህርት ቤት ውስጥ እኩዮች አንድ ክፍል ይቀመጣሉ። እኔ ቤት የስምንት ወሩና የአራት ዓመቷ አንድ ምንጣፍ ላይ ናቸው። አራት ዓመቷ ዶቃ መሰካት ትፈልጋለች። ስምንት ወሩ ዶቃውን መዋጥ ይፈልጋል። ምን ይደረግ?

ብዙ ሰው ሕፃኑን አጥር ውስጥ ያስገባል። እኔ ትልቋን ነው የማስገባት። ዝቅ ያለ መከለያ አለኝ፤ ዶቃውና ጥቃቅኑ ሁሉ ከመከለያው ወዲያ ከእሷ ጋር ይሆናል። ማንም አያፈርስባትም፤ ደስ ይላታል። «የእኔ ቢሮ» ትለዋለች። ሕፃኑ ሰፊው ወለል ላይ እንደ ልቡ ይድሃል። ምን ጥቃቅን ነው፣ ምን አይደለም ለሚለው ቀላል መለኪያ አለ። ሶፍት የሚጠቀለልበት የካርቶን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም። የሪሞትና የሰዓት ክብ ባትሪ ደግሞ ቤት ውስጥ ካሉ ነገሮች ሁሉ ይበልጥ ያስፈራኛል። ልጅ ውጦት ጉሮሮው ላይ ከተቀረቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። ተዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት አትጠብቁ፤ ወዲያው ሆስፒታል ነው።

መቀመጥ ለቻለ ግን ገና ለማይድህ ሕፃን የቅርጫት ጨዋታ የሚባል አለ። ኤሊኖር ጎልድሽሚድ የተባለች የሕፃናት አስተማሪ ያስፋፋችው ነው። ዝቅ ባለ ቅርጫት ውስጥ የቤት ዕቃ ይሞላል። የእንጨት ማንኪያ፣ የብረት ኩባያ፣ ንጹሕ ብሩሽ፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ ሰፋ ያለ ክዳን። ሁሉም የታጠበ፣ ሹል ያልሆነ፣ የማይዋጥ። ሕፃኑ ብረቱን ይልሳል፤ ይቀዘቅዘዋል። እንጨቱን ይልሳል፤ አይቀዘቅዘውም። አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማየት ነው እንጂ «ይሄን ያዝ፣ ያንን ተው» አይባልም። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው።

የዕድሜው መደባለቅ ጥቅምም አለው። ትንሹ ትልቋን ሲያይ ይውላል። ትልቋም ለትንሹ ስታስረዳ ቋንቋዋ ይሳላል። የሁለት ዓመት ልጆችን ግን «አብራችሁ ተጫወቱ፣ ተካፈሉ» ብላችሁ አታስጨንቁብኝ። ሚልድረድ ፓርተን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1932 የልጆችን ጨዋታ በደረጃ ከፋፍላ አሳይታለች። በዚህ ዕድሜ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ጎን ለጎን ሆነው ነው የሚጫወቱት፤ አብሮ ማቀድና ሥራ መከፋፈል በኋላ የሚመጣ ነው። ስለዚህ እኔ ለሁለት ዓመቶቹ ተመሳሳይ ዕቃ ሁለት ሁለት አስቀምጣለሁ። ግማሹ ጠብ እዚያው ይቀራል።

አንዳንድ ወላጅ ይሄ ሁሉ ዘመን አመጣሽ ነው ይለኛል። ኧረ አይደለም! የመዋዕለ ሕፃናት አባት የሚባለው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ ከተማ ሥራውን ሲጀምር ለልጆቹ ያዘጋጀው ኳስና የእንጨት ኩብ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 31 ላይ ጨዋታን ከልጅ መብቶች አንዱ አድርጎታል።

ሌላው ወገን ደግሞ «እንግዲህ ጨዋታ ከሆነ ምን ሥራ አለሽ፣ እነሱ ይጫወታሉ አንቺ ትቀመጫለሽ» ይላል። እስቲ አንድ ቀን መጥቶ ይቀመጥ! ምን ወደ መሬት ይውረድ፣ ምን ከፍ ብሎ ይቀመጥ የሚለውን የምወስነው ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው። ሁሉም ዕቃ አንዴ ከፈሰሰ ማንም ምንም አይጫወትም፤ መበታተን ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቂቱን አውጥቼ የቀረውን እደብቃለሁ። ሲሰለቻቸው እቀይራለሁ። ከዚያ አያለሁ፤ መቼ ልግባ፣ መቼ ልተው እያልኩ።

አዋቂ ጨዋታ የሚያበላሸው በጥያቄ ነው። ልጁ ተመስጦ ግንብ ሲገነባ «ይሄ ቀለሙ ምንድን ነው? ስንት ናቸው?» ይባላል። ልጁ ቀለሙን ያውቃል፤ እናንተም ታውቃላችሁ፤ እንደምታውቁትም ያውቃል። ፈተና መሆኑ ገብቶት ይነሳና ይሄዳል። እኔ ያየሁትን እናገራለሁ። «ትልቁን ከሥር አደረግከው» እላለሁ። ከዚያ ዝም። ብዙ ጊዜ መልሱ ይመጣል፤ ያውም ረጅም። «ትንሹ ከሥር ከሆነ ይወድቃል፣ ትናንት ወድቋል» ይለኛል። ቋንቋ የሚያድገው እንዲህ ባለ ወሬ ነው።

ሁሌ ይሳካል አልልም። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲዘንብ፣ ሁለቱ ጥርስ ሲያበቅሉ፣ አንዱ እንቅልፍ ሲከለክል የተዘጋጀው ሁሉ ገደል ይገባል። እንዲያ ሲሆን ጠረጴዛ ላይ አንሶላ አልብሼ ዋሻ እሠራለሁ፤ ካልሆነም ሙዚቃ ከፍተን እንጨፍራለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለባቸው ይላል። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ከዚያም ካነሰ ይሻላል ይላል። ለአንድ ዓመት ልጅ ጭራሽ አይመክርም። ጭፈራው ከዚያ 180 ደቂቃ ውስጥ ይቆጠርልኝ።

ስለዚህ ለአምዱ ጸሐፊ አንድ ልመና አለኝ። ምክሩ ድጋሚ ከወጣ የደብተሩን ነገር አውጡልኝ። ወላጅ ልጅ የሚያውል ሰው ቤት ሲገባ ወለሉን ይይ። መጫወቻው ልጁ ራሱ ደርሶ የሚያነሳው ቦታ ነው ወይስ ለእንግዳ ዕይታ ከፍ ብሎ ተደርድሯል? ጥቃቅኑ ነገር የት ነው? ቴሌቪዥኑ በርቷል? ውጭ የሚወጡት መቼ ነው? ማታ ደግሞ «ስንት ፊደል ለየ?» በማለት ፋንታ «ዛሬ ከማን ጋር ተጣላ፣ እንዴትስ ታረቁ?» ብሎ ይጠይቅ። ቀኑን ሙሉ ስልኳ ላይ የነበረች ሴት ይህንን መመለስ አትችልም።

ከአክብሮት ጋር፤
በቤቷ ልጆች የምታውል አንባቢያችሁ